ስለ እግዚአብሔር ያለን ዕውቀት እና የእምነት ሕይወታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ሰው እግዚአብሔርን የሚያመልከው ባወቀው መጠን ነው። በልቡናው የሣለው አምላክ ጨካኝ ከሆነ ጸሎቱ የባሪያ ፍርሃት ይሆናል፤ ኃጢአትን እንደማይመለከት ካሰበ ደግሞ ንስሓውን ያዘገያል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ትምህርቷ ምሥጢረ ሥላሴን ታስቀድማለች፤ አምላኩን በቅጡ ያላወቀ ሰው ጥምቀቱንም ቁርባኑንም ሊረዳ አይችልምና።

የሰው ልጅ ውድቀትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እባብ ሔዋንን ያሳታት እግዚአብሔርን በጎ ነገር እንደሚነፍግ አድርጎ በማቅረብ ነበር (ዘፍ. 3፥1-5)። ከበደሉም በኋላ አዳምና ሔዋን ሊፈልጋቸው ከመጣው አምላክ ተሸሸጉ።

በመክሊቱ ምሳሌ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ጌታውን ጨካኝ አድርጎ ስላሰበ ፈርቶ መክሊቱን ቀበረ (ማቴ. 25፥24-25)። ሁለቱ ባልንጀሮቹ ግን ያንኑ ጌታ እያገለገሉ ነግደው አተረፉ። ጌታቸው አንድ ነው፤ እርሱን የፈራበት መንገድ ግን ሰነፉን አገልጋይ ከሥራ አስቀረው።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክም መርቅያን የብሉይ ኪዳንን አምላክ ከክርስቶስ አባት ለይቶ ብሉይ ኪዳንን ጣለ። አርዮስ ወልድን ፍጡር ባለ ጊዜ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት አወገዙት። ቅዱስ አትናቴዎስም ፍጡር ፍጡርን ሊያድን እንደማይችል አስተማረ። ክርክሩ የቃላት ብቻ አልነበረም፤ የመዳናችን ጉዳይ ነበር።

ዛሬም ቅዳሴ እያስቀደሱ ለዓመታት ሳይቆርቡ የሚኖሩ ምእመናን ጥቂት አይደሉም። አንዱ «እኔን አይቀበለኝም» ብሎ ይርቃል፤ ሌላው «መሐሪ ነው» ብሎ ቀጠሮ ያራዝማል። ምክንያታቸው ቢለያይም ሁለቱም ከማዕዱ ቀርተዋል። የመጀመሪያው ምሕረቱን፣ ሁለተኛው ቅድስናውን ዘንግቷል።

የእግዚአብሔርን ማንነት የምንማረው ከሥጋዊ አባታችን ጠባይ፣ ከደረሰብን መከራ ወይም ከገዛ አሳባችን ሳይሆን ከክርስቶስ ነው፤ እርሱን ያየ አብን አይቷልና (ዮሐ. 14፥9)። ቤተ መቅደሱን በጅራፍ ያጸዳውም፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውም አንዱ ጌታ ነው። በመስቀሉም ኃጢአት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ኃጢአተኛውም ምን ያህል እንደተወደደ በአንድነት ተገልጧል።

ስለዚህ ውድ ምእመናን፣ በልባችን የያዝነውን አሳብ በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ትምህርት እንመርምር። የሚያስፈራን ነገር ካለም ሳንሸሽግ ለንስሓ አባታችን እንንገር፤ መክሊቱን ቀብረን ጌታችን እንዳይመጣብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።