ከፔሌ በፊት የነበረው ኮስሞስ

ስለ ኒው ዮርክ ኮስሞስ ወሬ ሲነሣ ሁላችንም ከፔሌ እንጀምራለን። ፔሌ መጣ፤ ቤከንባወር ተከተለ፤ ስታዲዮሙ ሞላ፤ ከዚያ ገንዘቡ አለቀና ሁሉም ተበተነ። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር አጭርና ጣፋጭ ነው። ግን እኮ ፔሌ ኒው ዮርክ ሲገባ ኮስሞስ አራት የውድድር ዓመታት አሳልፎ አምስተኛውን ጀምሮ ነበር። አንድ ጊዜም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ይህን ሻምፒዮንነት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው እነዚያን የተረሱ ዓመታት ነው። የምናነሣቸውም ለወሬ ማሟሻ አይደለም። ክለብ ማለት ምንድን ነው? በገንዘብ ይገዛል ወይስ ይበቅላል? ለሚለው ጥያቄ፣ ከዝናው ዘመን ይልቅ እነዚያ ባዶ የወንበር ረድፎች የተሻለ መልስ ስላላቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ የምናውቀው ክለብ ከሠፈር፣ ከፋብሪካ ወይም ከጦር ክፍል ይወለዳል፤ እያሸነፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተሸነፈም ይወርዳል። የአሜሪካ ሊግ ግን የባለንብረቶች ማኅበር ነው። አዲስ ክለብ ማቋቋም የፈለገ ባለገንዘብ ለማኅበሩ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ ከተማ ይመደብለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከነባሮቹ ጋር እኩል ይሰለፋል። ከታች መምጣት የለም፤ ወደ ታች መውረድም የለም። ክለቡ የሚወድቀው ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜም ሁለተኛ ዲቪዚዮን አይገባም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል።

የዚህ ዓይነቱ የእግር ኳስ ንግድ በአሜሪካ የተጧጧፈው ከ1966 የዓለም ዋንጫ በኋላ ነው። የእንግሊዝና የጀርመን የፍጻሜ ግጥሚያ በቴሌቪዥን መታየቱ ባለሀብቶችን አነቃቃ። በ1967 ሁለት ሊጎች በአንድ ጊዜ ተቋቋሙ። አንደኛው ቡድን ለማደራጀት ጊዜ ስላልነበረው ከውጭ አገር ሙሉ ሙሉ ክለቦችን አስመጥቶ የአሜሪካ ከተማ ስም አለበሳቸው። የእንግሊዙ ዎልቨርሃምፕተን «የሎስ አንጀለስ ተኩላዎች» ተብሎ ተጫወተ፤ የጣሊያኑ ካልያሪም የቺካጎ ቡድን ሆነ። በ1968 ሁለቱ ሊጎች ተዋህደው 17 ክለቦች ያሉት የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት ስንት ቀሩ? 5 ብቻ! ኒው ዮርክን ይወክል የነበረው ጄኔራልስ የተባለው ቡድንም ከጠፉት አንዱ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሏል ይኼ ነው።

እንግዲህ ኮስሞስ የተወለደው በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። በ1970 መጨረሻ፣ በኋላ ዋርነር ኮሙዩኒኬሽንስ የተባለው የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያ ሹማምንት ተሰባስበው ለኒው ዮርክ አዲስ ክለብ አቋቋሙ። ኩባንያውን የሚመራው ስቲቭ ሮስ ስለ እግር ኳስ የሚያውቀው ነገር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ኳሱን የሚወዱት በዋሽንግተን የቱርክ አምባሳደር የነበሩት ሰው ልጆች፣ አህመትና ነሱሂ ኤርተጉን ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአትላንቲክ የሸክላ ኩባንያ የታወቁ የሙዚቃ ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተሾመው ደግሞ የቀድሞው እንግሊዛዊ የስፖርት ጋዜጠኛ ክላይቭ ቶይ ነው። ስሙም የእሱ ሐሳብ እንደሆነ ይነገራል። የኒው ዮርኩ የቤዝቦል ቡድን ሜትስ ስሙን ያገኘው «ሜትሮፖሊታን» ከሚለው ቃል ነው። ቶይ ከዚያ የሚበልጥ ቃል ፈልጎ «ኮስሞፖሊታን» የሚለውን አነሣና አሳጠረው፤ ኮስሞስ። ስሙ ዓለምን የሚያህል ነበር፤ ተመልካቹ ግን ገና አልተወለደም።

ቶይ ገና ከጅምሩ ሌላም ሐሳብ ነበረው። ኮስሞስ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት፣ በ1971 መጀመሪያ፣ ጃማይካ ድረስ ሄዶ ፔሌን «ከሳንቶስ ስትለቅ ወደ እኛ ና» አለው። ፔሌ ያን ጊዜ እሺ አላለም። ይህ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባል። ክለቡ ገና ከመወለዱ ተስፋውን የጣለው በከተማው ልጆች ላይ ሳይሆን አንድ ቀን በሚመጣ አንድ ሰው ላይ ነበር።

በ1971 ኮስሞስ በያንኪ ስታዲዮም መጫወት ጀመረ። ይህ ከ60 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የቤዝቦል ሜዳ ነው። በዚያ ዓመት የኮስሞስ ተመልካች በአማካይ 4,517 ነበር፤ ከአሥር ወንበር ከዘጠኙ በላይ ባዶ ነበር ማለት ነው። አሠልጣኙ እንግሊዛዊው ጎርደን ብራድሊ ራሱም ይጫወት ነበር። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ኳሱን ከሌላ መተዳደሪያ ሥራ ጋር አጣምረው የያዙ ናቸው። የቡድኑ ምሰሶ ከትንሿ የቤርሙዳ ደሴት የመጣው ረጅሙ አጥቂ ራንዲ ሆርተን ነበር። 16 ጎል አግብቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ ከ24 ጨዋታ 9 አሸንፎ፣ 5 አቻ ወጥቶ፣ 10 ተሸንፎ ከምድቡ ሁለተኛ ወጣ፤ በግማሽ ፍጻሜም በአትላንታ ተሸነፈ። ለአዲስ ክለብ እንዲህ ያለ ውጤት የሚናቅ አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት ኮስሞስ የያንኪን ስታዲዮም ለቅቆ ከከተማው ወጣና ሎንግ አይላንድ ገባ፤ ሜዳው የሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነበር። ተማሪዎች በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ፣ ነሐሴ ወር 1972፣ የሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ ተደረገ። ተጋጣሚው ሴንት ሉዊስ ስታርስ ነው። ሆርተን አስቀደመ፤ ሴንት ሉዊስ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኮስሞስ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። መቺው የቼኮዝሎቫኪያው ዮሴፍ የሊኔክ ነበር። ይህ ሰው በ1962 በቺሊ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አገሩ ከብራዚል ጋር ስትጫወት ተሰልፎ ነበር፤ ፔሌ ተጎድቶ ያልገባበት ግጥሚያ ነው። የሊኔክ አገባ፤ ኮስሞስ 2 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሆርተንም የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ይህን ሁሉ በሜዳው ተገኝቶ ያየው ሕዝብ 6,102 ነበር።

ታዲያ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በሚቀጥለው ዓመት ቲፎዞው መብዛት አልነበረበትም? በ1973 አማካዩ ወደ 5,782 ከፍ አለ፤ በግማሽ ፍጻሜ ግን ዳላስ ረታው። ዋንጫውን የወሰደው በዚያው ዓመት የተቋቋመው ፊላደልፊያ አተምስ ሲሆን፣ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ኮስሞስ ከሎንግ አይላንድ ሕዝብ ጋር መላመድ ሲጀምር እንደገና ጓዙን ጠቀለለ። በ1974 ከድልድይ ሥር ባለችው ራንዳልስ ደሴት ላይ የሚገኘው ዳውኒንግ ስታዲዮም ገባ። ይህ ስታዲዮም በ1936 ጄሲ ኦወንስ ለበርሊን ኦሊምፒክ ማጣሪያ የሮጠበት ነው፤ ኮስሞስ ሲገባበት ግን ሣሩ አልቆ ነበር። በዚያ ዓመት ከ20 ጨዋታ ያሸነፈው 4 ብቻ ነው። የመጨረሻ ደረጃ ያዘ፤ አማካይ ተመልካቹም ወደ 3,578 ወረደ። በአራት ዓመት ሦስት ሜዳ! ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚያድር ቡድን ማን ብሎ «የኛ» ይበለው?

እዚህ ላይ አንዳንዱ «አሜሪካኖች ኳስ ስለማያውቁ ነው እንጂ የክለቡ ጥፋት አይደለም» ይል ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ኒው ዮርክ የኳስ ድሃ አልነበረችም። ከ1923 ጀምሮ የጀርመን ስደተኞች የመሠረቱት ሊግ ነበራት። የሃንጋሪ፣ የዩክሬን፣ የግሪክ፣ የጣሊያን ስደተኞች በየእሑዱ በየሜዳው ይጫወቱ ነበር። የአሜሪካን ብሔራዊ ዋንጫ በ1962 የኒው ዮርክ ሃንጋሪያውያን፣ በ1965 የኒው ዮርክ ዩክሬናውያን ወሰዱ። የግሪክ-አሜሪካውያኑ ክለብማ ከ1967 እስከ 1969 ሦስት ዓመት በተከታታይ አነሣው። እነዚህን ክለቦች የሚያቆማቸው የኩባንያ ገንዘብ አልነበረም፤ የአንድ አገር ሰው ተሰብስቦ የሚያዋጣው መዋጮ፣ ቡና የሚጠጣበት አዳራሽና ልጁን ይዞ የሚሄድበት ሜዳ ነው። ኮስሞስ ከእነዚህ ሰዎች ተጫዋች መውሰዱ አልቀረም። ሰዎቹን ራሳቸውን ግን የክለቡ ባለቤት ማድረግ አልቻለም፤ የአሠራሩ ጠባይም አይፈቅድለትም። ንብረት ያለው አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ቲኬት ገዢ ነው።

በ1975 ሰኔ ወር የታሰበው ሰው መጣ። ከሳንቶስ የተሰናበተው ፔሌ በሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ውል ፈረመ። ሰኔ 15 ቀን በዚያው በዳውኒንግ ስታዲዮም ከዳላስ ጋር ተጫወተ። የመጀመሪያው አጋማሽ 2 ለ 0 ተመርተው አለቀ፤ በኋላ ፔሌ አንዱን ለእስራኤላዊው ሽፒግለር አመቻችቶ፣ ሌላውን በጭንቅላት ገጭቶ 2 ለ 2 ተለያዩ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል። ጨዋታው በቴሌቪዥን ስለሚታይ የተራቆተው መሬት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ፔሌ ከጨዋታው በኋላ እግሩ አረንጓዴ ሆኖ ቢያገኘው በሽታ የያዘው መስሎት ደነገጠ ይባላል። ይህ ወሬ ያስቃል። እኛ ግን ስናስበው የክለቡ ሥዕል ሆኖ ይታየናል፤ ሣሩን ከማብቀል ይልቅ መሬቱን ቀለም መቀባት ይቀላል።

ሆርተንስ? ፔሌ ከመምጣቱ በፊት ወደ ዋሽንግተን ዲፕሎማትስ ተዛውሮ ነበር። አራቱን የጨለማ ዓመታት የተሸከመው ሰው መብራቱ ሲበራ ቤት ውስጥ አልነበረም። በኋላ በአገሩ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ሚኒስትር፣ ከ2013 እስከ 2017ም የቤርሙዳ ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። በ1976 ወደ ያንኪ ስታዲዮም ተመለሰ፤ ጣሊያናዊው ኪናልያ መጣ። በ1977 ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው ጃይንትስ ስታዲዮም ተሻገረ፤ ቤከንባወርና ካርሎስ አልቤርቶም ደረሱ። ነሐሴ 14 ቀን 77,691 ሰው ፎርት ሎደርዴል 8 ለ 3 ሲሸነፍ አየ። በዚያው ወር ሲያትልን 2 ለ 1 ረትቶ ሁለተኛውን ሻምፒዮንነት አገኘ፤ ፔሌም በክብር ተሰናበተ። በ1978 አማካይ ተመልካቹ 47,856 ደርሶ ነበር። ፍርደ ገምድል እንዳንሆን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በግድ ተነድቶ የመጣ አይደለም። በየመንደሩ ኳስ የጀመረው የአሜሪካ ልጅም ከዚህ ዘመን ብዙ አግኝቷል። ገንዘብ ምንም አልሠራም ብለን አንከራከርም።

የምንለው ገንዘቡ ሲሄድ የቀረው ምን ነበር ነው። ሌሎቹ የሊጉ ክለቦች «እኛስ ከኮስሞስ በምን እናንሳለን?» ብለው የማይችሉትን ከዋክብት ገዙ። ሊጉም በመግቢያ ዋጋ እየተሳበ በ1978 ወደ 24 ክለቦች አደገ። በ1984 የቀሩት 9 ነበሩ። ዋርነር በአታሪ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያው በ1983 ከባድ ኪሣራ ሲደርስበት ኮስሞስ ሸክም ሆነበት፤ ክለቡ በኪናልያ እጅ ገባ። በ1985 ሊጉም ፈረሰ፤ ኮስሞስም አብሮ ተበተነ። በዚያ በዝናው ዘመን ግን የቆጵሮስ ስደተኞች ክለብ ፓንሲፕሪያን ፍሪደምስ፣ የኪናልያን ደመወዝ አንድ ቀን እንኳ ሊከፍል የማይችል ክለብ፣ በ1980፣ በ1982 እና በ1983 ብሔራዊውን ዋንጫ አንሥቷል። ከኮስሞስ መፍረስ በኋላም መጫወቱን አላቆመም። የስደተኞቹ ሊግም፣ ስሙን ቢለውጥም፣ አለ።

ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። በ2023 ሳን ዲዬጎ የአሜሪካን ዋና ሊግ ለመቀላቀል 500 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ተዘግቧል። ከአሁኖቹ ባለሀብቶች ብዙዎቹ አንድ ትምህርት ወስደዋል፤ መጀመሪያ ቋሚ ሜዳ ይሠራሉ፤ ከዋክብቱ ከዚያ ይመጣሉ። ይኼን ትምህርት የሰጣቸው የኮስሞስ ውድቀት ይመስለናል። የኮስሞስ ስም ራሱ እንደገና በታደሰ ጊዜ፣ በ2013፣ አዲሱ ቡድን ውድድር የጀመረው የት ነው? በሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ! ከ41 ዓመት በፊት የሊኔክ ፍጹም ቅጣት ምት ወደ መታበት ቦታ ተመለሰ።

እንግዲህ የኮስሞስ ወሬ ሌላ ጊዜ ሲነሣ ከ77,691ዱ በፊት 6,102ቱን እናስታውስ። እነዚያ ፔሌን ሊያዩ የመጡ አይደሉም፤ ክለባቸውን ሊያዩ የመጡ ናቸው። ክለቡ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሏቸው ሄደ።