ማር እንዴት መድኃኒት ብቻ ሆነ?

ባለፈው ኅዳር እናቴን ሳል ይዟት ከደሴ ገበያ አንድ ኪሎ ማር ገዛሁላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ረግቶ ማንኪያ አላስገባ አለ። «ስኳር ነው የሸጡልህ ልጄ፤ ይሄ ለመድኃኒት አይሆንም» ብላ ከደነችው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ከዚያው ሻጭ የወሰደችው ማር ግን አሁንም ይፈሳል።

ንጹሕ ማርም ይረጋል። በውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባል የስኳር ዓይነት ብርድ ሲያገኘው ይጠጥራል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማር ባይረጋባት ነበር የሚገርመው። ኮምቦልቻ ቁልቁል ነው፣ ይሞቃል። ስለዚህ መርጋቱ ብቻ ማሩን አያስከስሰውም። ይህን ሁሉ ለእናቴ ባስረዳም አላመነችኝም። እውነት ለመናገር እኔም ስኳር የለበትም ብዬ አልምልም።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እናቴ ማርን የምትቆጥረው ከመድኃኒት ጋር ነው። ቤታችን ውስጥ ማር ዳቦ ላይ ተቀብቶ የሚበላ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ለሳል፣ ለአራስ፣ ለቁስል፣ ጥቁር አዝሙድ ለመለወስ። ጎረቤት «ትንሽ ማር ካላችሁ» ብሎ ልጅ ሲልክ ሰው መታመሙን እናውቃለን። አገሩ ደግሞ የማር አገር ነው። አምባሰል የሚለው ስም ራሱ «አምባ» ከሚለውና በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «አሰል» የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበትን አምባሰል ማለቴ ነው። ታዲያ በማር አገር ማር እንዴት የበሽተኛ ብቻ ሆነ?

ማር በዚህ አገር ከጥንትም ከሥልጣን ጋር የተያያዘ ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ ስም አወጣችለት ይላል ትውፊቱ። (የጥንት ግብፆችም የታችኛውን ግብፅ ንጉሥ ማዕረግ የሚጽፉት በንብ ሥዕል ነበር።) እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ ገበሬው ቀፎውን ከሚኖርበት ቤት ግድግዳ ጋር አስጠግቶ እንደሚያኖርና ንቦቹ ቤት ውስጥ ሳይቀር እንደሚበሩ ጽፏል። የማር ጠጅንም ደጋግሞ ያነሣል።

ንቡ ከገበሬው ጋር አንድ ቤት ይደር እንጂ ማሩ አብሮት አያድርም ነበር። ግብር በእህል፣ በከብት፣ በአሞሌ እንደሚገባ ሁሉ በጉንዶ ማርም ይገባ ነበር። ጠጅ ለዘመናት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ሲቆይ ገበሬው በጠላው ይረካል። ዐፄ ምኒልክ ግብር ሲያበሉ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚቀዳው ጠጅ ከሰማይ አልወረደም፤ ከገባሩ ቀፎ የወጣ ነው። ሰሙም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይውላል፣ የተረፈው በምጽዋ በኩል ለውጭ ገበያ ይወጣል። ለባለ ቀፎው የሚቀረው ጥቂት ነው። ጥቂት ነገር ደግሞ ለክፉ ቀን ይቀመጣል እንጂ አይበላም። የእኔ ግምት ይኼ ነው፦ ማር እኛ ዘንድ መድኃኒት ሆኖ የቀረው ፈዋሽነቱ ስለታወቀ ብቻ ሳይሆን ለምግብ የሚበቃ ስላልተረፈልን ጭምር ነው።

ፈዋሽነቱ ተረት ነው እያልኩ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የተጻፈው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ቁስልን በማርና በስብ ያክማል። ምክንያቱም ዛሬ ይታወቃል። ማር ውስጥ ያለው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ከጀርሞቹ ላይ ውሃ ይመጥጣል፤ አሲድነት አለው፤ ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ደግሞ ቁስል ላይ ሲረጥብ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያወጣል። ለእናቴ ሳልም ጠበቃ አላት፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎች ለተራ ሳል ከአንቲባዮቲክ በፊት ማር ይሞከር ብለዋል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አራስ ልጅ ማር የምታልሱ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ።

ወሎ ላይ ሌላም ነገር አለ። የቁርኣን 16ኛው ምዕራፍ በንብ ስም የተሰየመ ነው፤ ከሆዷ በሚወጣው መጠጥ ውስጥ ለሰዎች ፈውስ እንዳለም ይናገራል። ጠጅ የማይነካው ሙስሊም ጎረቤታችን ማሩን በብርዝ ይጠጣል። በአንድ ሠርግ፣ ከአንድ ማር፣ ጌሾ የገባበት ለአንዱ፣ ያልገባበት ለሌላው ይቀዳል። ይህ የወሎ ወግ በየመድረኩ ሲወደስ እሰማለሁ፤ ማሩ ግን አይነሣም።

ዛሬ ጉንዶ የሚሰበስብ ሹም የለም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ይባላል፣ ናትም፤ አብዛኛው ማር አሁንም ጠጅ ይሆናል። ገበያ የሚደርሰው ደግሞ ጥርጣሬ አለበት። ክብሪት ነክሮ መጫር፣ ውሃ ላይ ማንጠባጠብ፣ ጉንዳን ይቀርበው እንደሆነ ማየት፤ ሁላችንም እንሞክራለን፣ አንዱም አያስተማምንም። የስኳር ሽሮፕን በእርግጠኝነት የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። እኔ በገዛሁበት ገበያ ግን ሚዛን እንጂ መርማሪ አላየሁም። ስኳሩን ለሻይ ብትገዙት ስኳር ነው፤ ለበሽተኛ በማር ስም ሲሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

እህቴ በመጨረሻ የእሷን ማር በሚኒባስ ላከችላት። ከዚያው ሻጭ የተገዛ ያው ማር ነው። እናቴ በለብ ያለ ውሃ እየበጠበጠች፣ የደሴ ብርድ ሳያረጋባት ጨረሰችው።