ዜናሁ ለወልደ ንጉሥ፤ በእንጨትና በብራና የተነገረ

በ2009 ዓ.ም. በመስከረም ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ተመረቀ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ወር የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ሁለቱንም የሠሩት ከቻይና የመጡ መሐንዲሶችና የአገሩ ልጆች አብረው ነው። በዚያ በምሥራቅ ብዙ ሕዝብ ስለሚያከብረው ስለ ቡድሃ፣ ከእንጨትም ስለሚቀረጸው መልኩ፣ ታሪኩም ወደ አገራችን ስለ ደረሰበት መንገድ እነሆ እንጽፋለን።

ቡድሃ አስቀድሞ የንጉሥ ልጅ ነበር። አባቱ ሐዘንን እንዳያይ በቤተ መንግሥት አጥሮ አሳደገው። በወጣ ጊዜ ግን ድውይን፣ ሽማግሌንና ሬሳን አየ፤ ጌጡንም አውልቆ መነነ። ስለዚህ ጠራቢዎች ጆሮውን ረጅምና የተቀደደ፣ ግን ባዶ አድርገው ይቀርጹታል። ከባድ የወርቅ ጉትቻ ስቦት ነበርና፤ ጉትቻው ቀረ፣ ምልክቱ ግን አልቀረም። መዳፉን ወደ ፊት ያነሣ እንደ ሆነ «አትፍሩ» ማለቱ ነው። በጣቱ ምድርን የነካ እንደ ሆነ ምድርን ምስክር መጥራቱ ነው። የሚቀመጥበትም ሎተስ የሚባለው አበባ ከጭቃ በቅሎ ጭቃ የማይነካው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1053 ጆቾ የሚባል የጃፓን ጠራቢ አሚዳ የተባለውን ሌላ ቡድሃ በብዮዶኢን ቤተ መቅደስ አቆመ። የጥድ ዘመድ ከሆነው ከሂኖኪ ብዙ ቁራጭ ጠርቦ ገጠመ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ውስጡን ባዶ አደረገ፤ ላዩንም በወርቅ ለበጠው። ይህም አሚዳ ቀድሞ ዙፋኑን የተወ ንጉሥ ነበር ይላሉ።

ከዚያ በኋላ 500 ዓመት በተፈጸመ ጊዜ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1553፣ አስቀድመን የነገርነው የንጉሥ ልጅ ታሪክ በግእዝ ተጻፈ። ነገሩም እንዲህ ነው።

በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ በሽምብራ ኩሬ ተዋጉ፤ ኢማሙም ድል አደረገ። ቦታው በሞጆ አቅራቢያ ነው፤ ዛሬ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ በዚያ ያልፋል። ከዚያም ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። የደብሩ እጨጌ አስቀድሞ አባ ዕንባቆም ነበር። እርሱም ከየመን የመጣ እንግዳ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ፣ ዐረብኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ ነው። በመከራውም ዘመን «አንቀጸ አሚን» የሚባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፈ።

ጦርነቱም ካለፈ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ትእዛዝ «በረላም ወይዋስፍ» የሚባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። በዚያም የህንድ ንጉሥ ልጅ ይዋስፍ በአጥር ያድጋል፤ በረላም የሚባል መነኩሴ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ይመጣል፤ ልጁም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ስሙ በህንድ ቦዲሳትቫ ነበረ፤ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ፤ የፊደሉ ነጥብ ቢለወጥ ዩዳሳፍ ተባለ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይዋስፍ ሆነ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ቅዱስ ተብሎ ታሰበ። አባ ዕንባቆም ይህ ልዑል ቡድሃ እንደ ሆነ አላወቀም፤ ሊቃውንትም የደረሱበት ከ300 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ቀደመ ነገራችን እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ትሥላለች እንጂ ሐውልት አትቀርጽም፤ ስለዚህ ምሥራቅ በእንጨት ያቆመውን ልዑል እኛ በብራና ተቀበልነው። የተቀበለውም ራሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ አገሪቱም ተቀብላ በእጨጌ ወንበር ያስቀመጠችው እንግዳ ነው። እንግዲህ በአዳማ ከምሥራቅ ሰው ጋር የሚሠራ የአገር ልጅ፣ የቡድሃን ምስል ባየ ጊዜ ባዕድ አይበለው። ጉትቻ የወለቀበትን ጆሮ አይቶ ይዋስፍን ያስብ።