የሌሊት መዝገብ፤ የአማተር ከዋክብት ተመልካቾች ታሪክ

የሥነ ፈለክ ታሪክ በተወሳ ቁጥር ጎልተው የሚታዩት ታላላቅ ሊቃውንትና ታላላቅ መሣሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ በስተጀርባ ግን ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ማዕርግ ሳይጠብቁ፣ ቀን በየሥራቸው ውለው ሌሊት ሰማዩን ሲመለከቱ የኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። አማተር እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው የአንድ ማኅበራቸውንና የአንድ ገበሬ ልጅን ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ብርሃናቸው አንድ ጊዜ የሚደምቅ፣ ሌላ ጊዜ የሚፈዝ ከዋክብት ተለዋዋጭ ከዋክብት ይባላሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ደምቀው፣ ፈዘው፣ እንደገና እስኪደምቁ ድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይወስድባቸዋል። እነዚህን ለማወቅ ያለ ማቋረጥ ለዓመታት መመልከት ግድ ነው። የታላላቅ ቴሌስኮፖች ሌሊት ግን ለብዙ ጥናት ተሸንሽኖ የሚታደል ስለሆነ ለአንዲት ኮከብ ይህን ያህል ጊዜ ሊሰጥ አይችልም። ይህን የተረዳው የሃርቫርድ ኮሌጅ ኦብዘርቫቶሪ ዲሬክተር ኤድዋርድ ፒከሪንግ በ1882 ባሳተመው ዕቅድ አማተሮች፣ በተለይም ከኮሌጅ የተመረቁ ሴቶች፣ በሥራው እንዲረዱ ጥሪ አቀረበ። በ1911 ደግሞ ዊልያም ታይለር ኦልኮት የተባለ የኮኔቲከት ጠበቃ በፒከሪንግ አበረታችነት የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበርን መሠረተ።

የሥራው ስልት ቀላል ነው። ተመልካቹ ተለዋዋጯን ኮከብ የብርሃን ደረጃቸው ከታወቀ ጎረቤቶቿ ጋር ያስተያያል፤ ከአንዷ ፈዘዝ፣ ከሌላዋ ደመቅ ብላ ካገኛት በመካከል ያለውን ደረጃ ገምቶ ይጽፋል። ቀኑን የሚጽፈው በወርና በዓመት ሳይሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት አንሥቶ ያለማቋረጥ በሚሄድ የዕለት ቁጥር ነው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ለምንኖር ለእኛ የዚህ ጥቅም ሳይነገረን ይገባናል። ወቅትም የራሱ ችግር አለው። በአንዱ አገር ደመና ሲሆን በሌላው ይጠራል፤ በአንድ ወቅት በምሽት የምትታየው ኮከብ በሌላው ወቅት ከንጋት በፊት እንጂ አትገኝም። ስለዚህ መዝገቡ እንዳይቋረጥ ተመልካቾች በየአገሩ መኖር አለባቸው፤ የማኅበር አስፈላጊነትም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከማኅበሩ አባላት ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሌስሊ ፔልቲየር በ1900 በኦሃዮ ግዛት፣ በዴልፎስ አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ16 ዓመቱ በአባቱ እርሻ 900 ኳርት እንጆሪ፣ አንዱን ኳርት በ2 ሳንቲም ሒሳብ ለቅሞ ባገኘው 18 ዶላር 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የተገጠመላት ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዛ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻ ሥራ ቢመለስም በ1918 የመጀመሪያውን ዘገባ ለማኅበሩ ላከ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1980 ድረስ፣ ከ130,000 በላይ ምልከታዎችን አስመዘገበ፤ 12 ጅራታም ከዋክብትንም አገኘ።

ይሁን እንጂ ከፔልቲየር ታሪክ እጅግ የሚያስተምረው ያገኘው ሳይሆን ያመለጠው ነው። ሰሜናዊ አክሊል በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ያለ መሣሪያ የማትታይ አንዲት ኮከብ በ1866 በድንገት ነድዳ በዓይን ከታየች በኋላ ተመልሳ ደብዝዛ ነበር። ፔልቲየር ዳግመኛ ትነድድ ይሆናል በማለት ከ25 ዓመት በላይ ጠበቃት። በፌብሩዋሪ 1946 አንድ ሌሊት የቀሰቀሰው ደወል በ8 ሰዓት ተኩል ጮኸ። ተነሣ፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ጉንፋን ሊይዘው መሆኑ ስለ ተሰማው ወደ መኝታው ተመለሰ። ኮከቧ የነደደችው በዚያ ሌሊት ነው! በዌልስ፣ በኒውፖርት ከተማ የሚኖር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ግን በመስኮት ሲመለከት አያትና ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ጻፈ። ፔልቲየር በ1965 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጥፋቱን ሳይሸሽግ ጽፎታል።

እንግዲህ የ25 ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ከንቱ ሆነን? አልሆነም። ኮከቧ ከመንደዷ በፊት፣ በ1945፣ ከወትሮው ፈዝዛ እንደ ነበር የታወቀው ከአማተሮቹ መዝገብ ነው። በ2023 ተመሳሳይ መፍዘዝ በታየ ጊዜ የዘመናችን ሊቃውንት ፍንዳታዋ ተቃርቧል ብለው ያሳሰቡት በዚያው መዝገብ ተመርተው ነው። ስለሆነም አንዳች ነገር አልታየባቸውም ተብለው የተናቁት ሌሊቶች ከፍንዳታው ሌሊት የማያንስ ዋጋ ነበራቸው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ከተመሠረተ በኋላ፣ በ2015 በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙባቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀምረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የመዝገብ ሥራ ተራራ መውጣትን አይጠይቅም። ሰሜናዊ አክሊል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው በሰኔና በሐምሌ፣ ክረምቱ ሰማያችንን በሚጋርድበት ወራት ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሰው በጠራ ሰማይ ያገኘዋል። ከዓይን፣ ከደብተርና ከትዕግሥት በቀር ለመነሻ የሚያስፈልግ የለም።

የእኛም ሙያ ቢሆን ያለ መዝገብ አይቆምም። የዕለቱን ውጤት ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም ብለን ሳንጽፍ የምንተው ስንቶቻችን ነን? በዚያ ባዶ በቀረው መስመር ላይ ከ80 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ነገር ይኖር እንደ ሆነ አናውቅም። ስለዚህ ምንም ያልታየበትንም ሌሊት ቢሆን እንጻፈው።