ወለድ አገድ በሕገ መንግሥት ፊት

ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ተራዝሞ መንግሥት በሥልጣን እንዲቆይ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ሲወስን አገሩ ሁሉ ሰምቶ ተከራክሮበታል። ይኸው ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም. በሁለት ገበሬዎች የመሬት ክርክር ላይ የሰጠው ውሳኔ ግን ከሕግ ባለሙያዎች ክበብ እምብዛም አልወጣም። በአማራ ክልል ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ማንኩሳ ላይ በቆሎና በርበሬ ለሚያመርት ሰው የመሬቱ ውሳኔ ከምርጫው ውሳኔ ይልቅ ደጁ ድረስ ይመጣል፤ ይህ ጽሑፍም የሚመለከተው ያንኑ የመሬት ውሳኔ ነው።

ክርክሩ በወለድ አገድ ላይ ነበር። ልጅ የሚድር፣ የታመመ የሚያሳክም ወይም በሬ የሞተበት ባለመሬት ገንዘብ ይበደራል፤ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፋንታ ይበላል። ዋናው ገንዘብ ካልተመለሰ መሬቱም አይመለስም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ተበዳሪው ዕዳውን የሚከፍልበትን ምርት የሚያገኘው ከዚያው ከተያዘበት መሬት ነበርና፣ መሬቱ በሌለበት ዓመታት ዕዳው ቆሞ ይጠብቀዋል። ለአንድ ክረምት የተባለው ውል አሥር ክረምት ይሻገራል፤ ተበዳሪው ሲሞት ልጆቹ ከዕዳው ጋር ክርክሩን ይወርሳሉ።

ሕጉ በዚህ ልማድ ላይ አንድ አቋም ይዞ አልቆየም። መሬት በግል መያዝ ይቻል በነበረበት ዘመን የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን ደንብ አበጅቶለት ፈቅዶታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በስሙ ጠርቶ ከለከለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ቢደነግግም ወለድ አገድን ለይቶ አላነሣም። ስለዚህ መሬቱ በስም የተበዳሪው ሆኖ በተግባር ሌላ ሰው እጅ ሲከርም ይህ ብድር ነው ወይስ በብድር የተሸፈነ ሽያጭ? የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሽያጭ ቆጠረው፤ ውሉንም ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ፈራሽ አደረገው።

በአገራችን ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን ይህ ምክር ቤት ነው፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚመራው፣ አሥራ አንድ አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ያቀርብለታል። ውሳኔው ወደፊት በሚነሡ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይም ይሠራል። ማንኩሳ ውስጥ በሽማግሌ ፊት ውል የተዋዋለ ሰው ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱን እንኳ ሳያውቅ የእነሱ ፍርድ የሱም ሆነ ማለት ነው። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ለማለት ግን በቅሎዪቱ በየትኛው ሕግ እንደሄደች ማወቅ ያስፈልጋል። መሬቱን ማስመለስ እንደሚችል ያልሰማ ተበዳሪና ገንዘቡን በፈራሽ ውል ላይ እያፈሰሰ መሆኑን ያልሰማ አበዳሪ ይህን ማወቅ አይችሉም።

ውሳኔው በሁሉም ዘንድ ይመሰገናል ማለቴ አይደለም። አበዳሪ ሲባል ብዙዎቻችን አራጣ አበዳሪ ይታየናል፤ በገጠሩ ግን ከ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለአቅመ አዳም ደርሶ ድርሻ ያላገኘ፣ በቀን ሥራ ያጠራቀመውን ከፍሎ ጥማድ መሬት የያዘ ወጣት ሊሆን ይችላል። ተበዳሪዋም በሬና ጉልበት የሌላት ባልቴት ልትሆን ትችላለች። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሱ ቢባል፣ ብሩን ከበላችው ባልቴት ማን ያወጣዋል? ውሳኔው መሬቱን አዳነ፤ ድሀው ከየት ይበደር የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ቀረ። እኔ በውጤቱ ብስማማም ይህ ጉድለት አሳሳቢ ነው ባይ ነኝ።

የማንኩሳና የአካባቢው ሰው ከሕገ መንግሥት ጋር ሲገናኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ቅሪት» የተባሉ ገበሬዎች ከሌላው ያነሰ መሬት ሲተውላቸው ብዙዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል፤ የክልሉ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ክስም ተነሥቷል። ያ ትውልድ አንቀጽ ባይጠቅስም የክርክሩ ፍሬ ነገር ገብቶት ነበር።

ተርጓሚው ማን ነው የሚለውም ከገጠሩ የራቀ አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ የፖለቲካ ሰዎች ዳኛ መሆናቸው ያሳስበኛል። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ የክልሉን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን ከብሔረሰብና ከወረዳ ምክር ቤቶች ለተውጣጣ ኮሚሽን ሰጥቷል። ማንኩሳ ያለችበት የጃቢ ጠህናን ወረዳ ምክር ቤትም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በኬንያ ማንኛውም ዜጋ መብቴ ተነካ ብሎ በቀጥታ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ እኛ ጋ መንገዱ ረጅም ቢሆንም የተዘጋ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል፤ ይህ ለባልቴቷም ለወጣቱም አንድ በር ነው። ነገር ግን ተበዳሪ መክፈል አቅቶት አበዳሪው መሬቱን ለዓመታት ቢጠቀምበት፣ በ2007 ከፈረሰው ውል የሚለየው በጽሑፍ መመዝገቡና የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑ ብቻ ነው? ያ ልዩነት ሕገ መንግሥቱን ለማለፍ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ገና የፈረደበት የለም፤ የመጀመሪያው አመልካች የሚሆነውም መሬቱ የተያዘበት አንድ ገበሬ ነው።