ዋስ የሌለው ካሳ

በአገራችን ልማድ ካሳ ሦስት ወገኖችን ይጠይቃል፤ በዳይን፣ ተበዳይንና ዋስን። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የካሳውን መጠን ቢቆርጡም፣ በዳዩ ዋስ ካልጠራ ዕርቁ አይጸናም። በዳይ ራሱን ዋስ አድርጎ ቢያቀርብም የሚቀበለው ሽማግሌ አይገኝም። ይህን የቆየ ሥርዓት ለመነሻ የወሰድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ታላላቅ የልማት ሥራዎች በተፈጥሮ ላይ ለሚያደርሱት ጥፋት «የአካባቢ ማካካሻ» በሚል ስም የሚገባው ቃል በታሪክ ምን እንደ ገጠመው ለመመርመር ስለምንሻ ነው።

ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ግድብ ወይም አንድ የማዕድን ሥራ ደን ወይም ረግረግ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ገንቢው በሌላ ሥፍራ የዚያኑ ያህል እንዲጠብቅ ወይም እንዲያለማ ይገደዳል። ምዕራብ ጀርመን ይህን በ1976 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጣችው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ደነገገች። በአሜሪካም ከ1972ቱ የውኃ ንጽሕና ሕግ ተነሥቶ የረግረግ መሬት ማካካሻ ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ኋላም ሐሳቡ ከአበዳሪዎች ገንዘብ ጋር ወደ አፍሪካ ተሻገረ። በመዝገብ ላይ የተመጣጠነው ሒሳብ በምድር ላይስ ይመጣጠናልን? መልሱን ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ከሚወጣበት ከኡጋንዳ ምድር እናገኘዋለን።

በ1954፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ በጂንጃ ከተማ አጠገብ የኦወን ፏፏቴ ግድብ ሲመረቅ፣ በሐይቁ አፍ የነበረው የሪፖን ፏፏቴ ከውኃ በታች ቀረ። የዚያ ዘመን ገዥዎች ለጠፋ ፏፏቴ «ማካካሻ» የሚል ቋንቋ ገና አልነበራቸውም። ከዚያ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቡጃጋሊ ፏፏቴ ተራ በደረሰው ጊዜ ግን ቋንቋው ተገኝቶ ነበር። ቡጃጋሊ ለባሶጋ ሕዝብ ከውኃ መውረጃነት ይበልጥ ነበር፤ ስሙን ያገኘው በዚያ ያድራል ተብሎ ከሚታመንበት መንፈስ ነው። ግድቡን መጀመሪያ የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ሥራውን ትቶ ወጣ። በ2007 ግን የዓለም ባንክ ለሁለተኛ ጊዜ ፈቀደ፤ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብም በ2012 ተመረቀ።

ለዚህ ጥፋት ማካካሻ የተባለው የካላጋላ ፏፏቴ ነበር። የኡጋንዳ መንግሥት በ2007 ከዓለም ባንክ ጋር በተፈራረመው ውል፣ ካላጋላን ለተፈጥሮና ለመንፈሳዊ ክብሩ ሲል ሊጠብቅ፣ ያለ ባንኩ ፈቃድም ኃይል ማመንጫ ላይሠራበት ቃል ገባ። ይሁን እንጂ በ2013 ከካላጋላ በታች የኢሲምባ ግድብ ሥራ ተጀመረ፤ ገንዘቡ ከቻይና የመጣ ነበር። በ2018 ውሉ ተሻሻለና የጥበቃው ክልል እንደገና ተሰመረ። 183 ሜጋ ዋት ያለው ኢሲምባ በ2019 ሲመረቅ፣ ለካሳ ከተሰጠው ወንዝ ከፊሉ ራሱ በግድብ ውኃ ተውጦ ነበር። ካሳው ካሳ አስፈለገው ማለት ነው።

በአንጻሩ በዚያው ውል እንዲጠበቅ የተጠቀሰ ሌላ ሀብት ነበር፤ የማቢራ ደን። መንግሥት ከዚህ ደን ወደ 7,100 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ሊሰጥ ባሰበ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2007 የካምፓላ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ዕቅዱ በዚያው ዓመት ተገታ። በ2011 ዳግም ቢነሣም ዳግም ተቃውሞ ገጠመው። ካላጋላን ወረቀት ጠበቀው፤ ማቢራን ሕዝብ ጠበቀው። የሁለቱ ዕጣ መለያየት ከዚህ ይመነጫል ብለን እናምናለን።

በእኛም አገር የካሳ ታሪክ አለ። በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው ኢጣሊያ ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ለሕዝብ ደም የተከፈለው ካሳ የአዋሽን ጎርፍ ገርቶ፣ ከታች ለተስፋፉት የሸንኮራና የጥጥ እርሻዎች መንገድ ጠረገ። በነዚሁ እርሻዎች የበጋ ግጦሻቸውን ያጡት የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ግን በካሳው ሸንጎ አልተቀመጡም። የ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ፣ የክፉ ቀን መጠጊያ የነበረው የወንዝ ዳር መሬት ከአፋሮች እጅ ወጥቶ ነበር።

ልማትን የምንቃወም አይደለንም፤ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ መብራት ይገባዋል። ነገር ግን ቃል የሚገባው መንግሥት ነው፤ ቃሉን የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ነገ ሌላ ግድብ ሲያምረው ውሉ እንዲሻሻል የሚጠይቀውም እርሱው ነው። አበዳሪውም ቢሆን ተበዳይ ስላልሆነ፣ ሲለመን ይለዘባል። ወንዙ ዳር የሚያድረው ሕዝብ በውሉ ላይ ስሙ ካልሰፈረ፣ ሲፈርስም የመክሰስ ሥልጣን ከሌለው፣ ማካካሻው ለሌላ ጊዜ የተቀጠረ ጥፋት ይሆናል።

በስደት ከምንማረው መካከል ነገ እንዲህ ያሉ ውሎችን የሚያረቅ፣ የሚያሰላ፣ የሚፈርም አይጠፋም። ያን ዕለት፣ ስንት ሄክታር በስንት ሄክታር እንደ ተለወጠ ከመቁጠራችን በፊት፣ የአገራችን ሽማግሌ የሚጠይቀውን እንጠይቅ፦ ዋሱ ማን ነው?