ከመተማ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ፦ ጦርነትን ስለማቆም የቀረበ ክርክር



ይህ ሰፈር በጦር ትምህርት ስሙ ይነሣል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር። ጦርነት እንዴት እንደሚካሄድ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ እንዴት እንደሚቆም የሚያስተምሩ ግን ጥቂት ናቸው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ በሁለተኛው ላይ ያተኩራል። ምሳሌዬም ከ1878 እስከ 1881 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር፣ አባቶቻችን ድርቡሽ ይሏቸው ከነበሩት ጋር፣ ያደረገችው ጦርነት ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከመነሻው እንጀምር። በግንቦት 1876 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ግብፅና ኢትዮጵያ አድዋ ላይ ውል ተፈራረሙ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በግዛታቸው አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በምላሹ የቦጎስ አገር ሊመለስላቸው፣ ምጽዋም ለኢትዮጵያ ንግድ ነጻ መተላለፊያ ልትሆን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቃላቸውን ጠበቁ። ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። ኢትዮጵያ ተስፋ ያደረገችበት ወደብ በሌላ እጅ ገባ፤ ለግብፅ ወታደሮች መውጫ በመስጠቷ የተተከለው የመሐዲስቶች ቂም ግን ለእርሷ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ደም ደምን እየጠራ ሄደ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ድል አደረጉ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወርረው አጠፉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የመሐዲስቶች አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ የጎጃምን ጦር ሰበረ፤ ጎንደርም ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ማርኮ ወሰደ። እያንዳንዱ ወገን የሚበቀለው በደል ነበረው፤ እያንዳንዱ በቀልም ለሚቀጥለው በቀል ምክንያት ሆነ።

የዚህ ጦርነት ዋጋ በሞቱትና በተማረኩት ቁጥር ብቻ አይሰላም። በ1880 ዓ.ም. አጋማሽ አፄ ዮሐንስ ታላቅ ሠራዊት ይዘው ሰሐጢ ላይ፣ ከኢጣሊያ ምሽግ ፊት ለፊት ሰፍረው ነበር። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ከደመሰሱ ገና ከዓመት ብዙም አላለፈም። ነገር ግን ከምዕራብ የመጣው የመሐዲስቶች ወረራ፣ እንዲሁም በንጉሥ ምኒልክና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ያደረባቸው ጥርጣሬ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ሳይዋጉ መለሳቸው። አንዱ ጦርነት የሌላውን ግንባር በር ከፍቶ ተወ።

ይህን ከማንም በላይ የተረዱት ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ይመስሉኛል። በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እርስ በርስ ብንዋጋ የሚያልቀው ድኃው ሕዝብ ነው፤ ለሁለታችንም የሚመጣ ጥቅም የለም፤ የጋራ ጠላታችን አውሮፓውያን ናቸው፤ አንዳችንን ቢያሸንፉ ሌላውን አይምሩም፤ ይልቅስ ነጋዴዎቻችን በሰላም ይመላለሱ።

ደብዳቤው የተጻፈው ከድካም የተነሣ ነው የሚል መቃወሚያ ይነሣል። እውነት አለው። ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ፣ በመሐዲስቶችና በገዛ ነገሥታቶቻቸው መካከል ተወጥረው ነበር። ሆኖም ክርክሩን የሚያጸናው ይኸው ይመስለኛል፤ ሰላም የተፈለገው ለጠላት ፍቅር ሳይሆን በአቅም ስሌት ነውና። ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል፦ ጎንደር ተቃጥላ፣ ወገን ተማርኮ ስለ ንግድ ማውራት ይገባልን? ለዚህ መልሱ በደሉን መካድ አይደለም። በደሉን የሚያስቆመው መንገድ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

አቡ አንጃ ስድብ የሞላበት መልስ ሰጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እስልምናን እንዲቀበሉም ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ሞተና ዘኪ ጠማል ተተካ። አፄ ዮሐንስም ከኢጣሊያ ይልቅ ፊታቸውን ወደ መተማ አዞሩ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው ምሽጉን ጥሶ ድል ሊጨብጥ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ጦሩ ተፈታ፤ እርሳቸውም አረፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቀን እንቁጠር። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። በግንቦት ኢጣሊያ ከረንን፣ በሐምሌ አስመራን ያዘች። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ያስከተለው ክፉ ቀን አገሩን ሲያራቁት፣ በሱዳንም ረኃቡ ድል አድራጊውን የዘኪ ጠማልን ሠራዊት ፈጀው። መሐዲስቶች መተማን አሸነፉ፤ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ግን ኦምዱርማን ላይ በእንግሊዝ መትረየስ ረገፉ። አንዳችንን ቢያሸንፉ ሌላውን አይምሩም የሚለው ቃል ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ተፈጸመ። በአድዋ ዘመን አፄ ምኒልክና ኸሊፋ አብዱላሂ መላላክ ጀምረው ነበር፤ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተደረሰው አፄ ዮሐንስ ካሉት ነጥብ ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? ጦርነት በትክክለኛ ምክንያት ሊጀመር ይችላል፤ ትክክለኛ አጀማመር ግን ለመቀጠል በቂ ምክንያት አይሆንም። ድንበር የተሻገረ ጦርነት በረዘመ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ማን በደለ የሚለው ብቻ አይደለም፤ እኛ ስንዋጋ የትኛው በር ሳይጠበቅ ቀረ፣ በዚያስ የሚገባው ማን ነው የሚለውም ነው። አፄ ዮሐንስ ጥያቄውን በጊዜው ጠየቁ፤ መልስ ሰጪ አጡ፤ እርሳቸውም ቢሆኑ መልስ ሲያጡ ከመዝመት ሌላ መንገድ አልመረጡም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ አገራችን ከገቡባቸው በሮች አንዱ ያው መተማ ነው። ነጋዴውም ገበሬውም ዛሬም በዚያ ድንበር ይኖራል። ስለ እርሱ ዕጣ የሚወስን ሁሉ፣ የታኅሣሥ 1881ዱን ደብዳቤ አስቀድሞ ቢያነብ መልካም ነው።